ረሃብ የአንጀት ካንሰርን አይበላም፤ ስለ ኦቶፋጂ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ የጤና ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ትልቁ አንጀትና ስለ ፊንጢጣ ካንሰር ነው። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ሲራብ ኦቶፋጂ የሚባል ሂደት በሰውነቱ ውስጥ ይነሣል፤ ይህ ሂደት የካንሰር ሕዋሳትን ይበላል፤ የተራበ የካንሰር ሕዋስም ራሱን በልቶ ይሞታል። ስለዚህ ሕመምተኛው በየ15 ቀኑ 3 ቀን ውኃ ብቻ እየጠጣ ቢጾም፣ ቀዶ ሕክምናውንና ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ለ3 ወር ቢያቆይ ዕጢው ይከስማል። ካልከሰመ የወባ ክኒኑን ክሎሮኪን ይጨምርበት። በጾሙ መሐል በሰገራ ላይ ደም ቢታይ ደግሞ መርዝ እየወጣ ነውና አይደንግጥ።

ጽሑፉ የመጣው ጾም በሁለቱም ሃይማኖት ሥር ወደሰደደበት አገር ነው። አንዳንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በሚገናኙበት ወሎ፣ ጾም ካንሰርን ይፈውሳል የሚል ቃል ሰሚ ለማግኘት አይቸገርም። ጸሐፊው ሰው ለማሳሳት ተነሡ አንልም። ካነበቡት ግማሹን ይዘው ግማሹን እንደተዉት ግን ያስታውቃል፤ ሰው የሚጎዳውም በዚያ በተተወው ግማሽ ነው። የተናገሩትን አንድ በአንድ እያነሣን እንመልስ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከኖቤሉ እንጀምር። ጸሐፊው ዋና ምስክር አድርገው ያቆሙት ጃፓናዊውን ዮሺኖሪ ኦሱሚን ነው፤ በ2016 ኖቤል የተሸለሙት ሰውነት ካንሰርን እንደሚበላ አረጋግጠው ነው ይላሉ። አይደለም። ኦሱሚ የሠሩት በእርሾ ላይ ነው። እርሾውን ናይትሮጅን በሌለው ምግብ ላይ አስርበው፣ በሕዋሱ ማድቀቂያ ከረጢት ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች ሲከማቹ በማይክሮስኮፕ አዩ። ከዚያ ይህ ነገር የማይሆንላቸውን የእርሾ ዘሮች ለይተው፣ በ1993 ለሂደቱ የሚያስፈልጉ 15 ጂኖችን አሳወቁ። እነዚያን ዘሮች እንዴት ለዩአቸው? ኦቶፋጂ የማይሠራላቸው እርሾዎች ሲራቡ ከሌሎቹ ቀድመው ስለሚሞቱ ነው። እንግዲህ የኖቤሉ ሥራ ራሱ የሚመሰክረው የጽሑፉን ተቃራኒ ነው፤ የተራበን ሕዋስ በሕይወት የሚያቆየው ኦቶፋጂ ነው።

ሰውን ያሳሳተው አንድም ስሙ ነው። ቃሉን በ1963 ያወጡት፣ ቀደም ብለው የሕዋስ ማድቀቂያ ከረጢት የሆነውን ላይሶሶምን ያገኙት ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ናቸው፤ ከግሪክኛ ሲመለስ ራስን መብላት ማለት ነው። ራስን መብላት ሲባል ራስን መግደል ይመስላል። የሚሆነውን ለመረዳት ግን በክረምት ጦሳ ተራራ ሥር ያለ፣ ማገዶ ያለቀበትን ቤት አስቡ። ብርዱ ሲጠና ቤተሰቡ የተሰበረውን ወንበር፣ የበሰበሰውን አልጋ፣ ቀጥሎም የአጥሩን እንጨት ያነዳል። የሚያነደው ለመኖር ነው። ወደ ምሰሶው ከደረሰ ቤቱ ይወድቃል፤ እስከዚያ ግን ያ እሳት ነው ሌሊቱን ያሻገራቸው።

በሕዋሱ ውስጥ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ምግብ ሲኖር ኤምቶር የሚባለው ፕሮቲን ዩኤልኬ1 የተባለውን አስነሺ ይዞ ያቆመዋል። ምግብ ሲጠፋ ኤምቶር ይደክማል፤ የጉልበት ማነስን የሚለካው ኤኤምፒኬ ደግሞ ዩኤልኬ1ን ይቀሰቅሰዋል። ቤክሊን-1 ያለበት ቡድን ቀጭን ሽፋን ማብቀል ይጀምራል። ሽፋኑ እየተቆለመመ ያረጀውን ፕሮቲንና የተበላሸውን ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱን ጉልበት ማመንጫ፣ ከቦ ይዘጋል፤ ባለ ድርብ ሽፋን ከረጢት ይሆናል፤ ስፋቱ ከግማሽ እስከ 1 ተኩል ማይክሮን ነው። ኤልሲ3 የሚባለው ፕሮቲን ከሽፋኑ ስብ ጋር ይጣበቃል፤ ፒ62 የሚባለው ደግሞ የሚጣለውን ጭኖ ያስገባል። በመጨረሻ ከረጢቱ ከላይሶሶም ጋር ይዋሐዳል። የላይሶሶሙ ውስጥ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ 5 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የገባው ሁሉ ተፈጭቶ አሚኖ አሲዱ፣ ስቡና ስኳሩ ወደ ሕዋሱ ይመለሳል። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ስለ ፎቶዎቹና ስለ ክሎሮኪን ስንናገር እንመለስበታለን።

ታዲያ ከሕዋስ ሞት ጋር ምን ያገናኘዋል? ጸሐፊው ኦቶፋጂንና ሞትን አንድ አድርገውታል። ሕዋስ በሥርዓት የሚሞትበት መንገድ አፖፕቶሲስ ይባላል፤ ያ ሌላ መሣሪያ አለው። ማይቶኮንድሪያው ተቀዶ ሳይቶክሮም ሲ ይወጣል፤ ካስፔዝ የሚባሉት ቆራጭ ፕሮቲኖች ይነቃሉ፤ ካስፔዝ-9 ካስፔዝ-3ን ይቀሰቅሳል፤ ሕዋሱ ይበጣጠሳል። ሁለቱ መንገዶች የሚነካኩበት ቦታ አለ፤ ጉዳዩ የሚከብደውም እዚያ ላይ ነው። ሞትን የሚከለክለው ቢሲኤል-2 ቤክሊን-1ንም አንቆ ይይዛል፤ አንድ ጠባቂ ሁለት በር እንደማለት ነው። ጭንቀቱ መጠነኛ ሲሆን ቤክሊን-1 ይለቀቅና ኦቶፋጂ ይነሣል፤ ሕዋሱ ጊዜ ያገኛል። ጭንቀቱ ሲበዛ ካስፔዞች ይነሡና ቤክሊን-1ን ራሱን ይቆርጡታል። ቁራጩ ወደ ማይቶኮንድሪያ ሄዶ ሞቱን ያፋጥናል። ካልፔን የተባለው ቆራጭ ለኦቶፋጂ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ኤቲጂ5ን ሲቆርጠውም እንዲሁ ነው፤ የማዳን ሥራ ይሠራ የነበረው ፕሮቲን በቁራጩ የመግደል ሥራ ይይዛል።

ከአንጀት ካንሰር የተወሰደ ምሳሌ እንጨምር። ኤችሲቲ116 ከትልቁ አንጀት ካንሰር የተገኘ፣ በየላቦራቶሪው የሚያድግ የሕዋስ ዘር ነው። ባክስ የተባለውን የሞት ፕሮቲን ያጣው የዚህ ሕዋስ ዓይነት ትሬይል የሚባል የሞት መልእክተኛ ሲሰጠው ካስፔዝ-8 ይነቃል። ኦቶፋጂው ግን የነቃውን ካስፔዝ-8 ይዞ ወደ ላይሶሶም ያስገባና ይፈጨዋል። ኦቶፋጂው ሲታገድ ካስፔዝ-8 ይተርፋል፤ ሕዋሱም ይሞታል። እዚህ ላይ ኦቶፋጂው የበላው ካንሰሩን አይደለም፤ ካንሰሩን ሊገድል የመጣውን ነው።

በሌላ በኩል ኦቶፋጂ ለሞት የሚያግዝበት ጊዜም አለ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በ2012 ስም የወጣለት ፌሮፕቶሲስ የሚባል፣ በብረት የሚነሣ የሞት ዓይነት አለ። ኤንሲኦኤ4 የተባለ ተሸካሚ ብረት የተከማቸበትን ፌሪቲን የተባለ ፕሮቲን ወደ ላይሶሶም ሲያስገባ ነጻ ብረት ይበዛል፤ የሕዋሱ ሽፋን ስብ ይቃጠላል። ኦቶፋጂ ራሱ ብቻውን ገዳይ የሆነባቸው ሁኔታዎችም በላቦራቶሪ ታይተዋል፤ ጥቂት ናቸው። የሚበዛው ግን በመሞት ላይ ባለ ሕዋስ ውስጥ ኦቶፋጂ መገኘቱ ነው። ሬሳ አጠገብ የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይባልም፤ ሊያተርፍ ሲታገል የደረሰበትም ይኖራል።

ጸሐፊው እውነት የያዙበትን ቦታ እንመስክርላቸው። በጤነኛ አንጀት ኦቶፋጂ ጠባቂ ነው ማለታቸው ልክ ነው። የተበላሸ ማይቶኮንድሪያ ሲጠረግ ዘረመልን የሚያቆስለው ቆሻሻ ይቀንሳል፤ የአንጀት ሽፋኑም ከባክቴሪያ ይጠበቃል። የቤክሊን-1 ጂን ግማሹ የጎደላቸው አይጦች በሳንባ፣ በጉበትና በሊምፍ ላይ ዕጢ እንደሚያወጡ ታይቷል። ስለዚህ ከበሽታው በፊት ኦቶፋጂ ይጠብቃል ብንል አንጣላም።

ስህተቱ የጤነኛውን ሕግ ለታመመው መስጠቱ ነው። የአንጀት ካንሰር በአብዛኛው ፖሊፕ ከሚባል በአንጀት ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ትንሽ እብጠት ይጀምራል፤ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ኤፒሲ የተባለው ጂን መበላሸት ከ10 ዕጢ በ8ቱ ገደማ ይገኛል፤ ኬራስ የተባለው ጂን መበላሸት ደግሞ ከ10 በ4ቱ ገደማ። ዕጢው ካበጠ በኋላ ከደም ሥር የራቁት ሕዋሳት ኦክሲጅንም ምግብም ያጥራቸዋል። ያን ጊዜ ለእነሱ ኦቶፋጂ የክፉ ቀን ስንቅ ነው። በ2015 የወጣ ጥናት ይህን በአይጥ አሳይቷል፦ ኤፒሲ በጎደላቸው አይጦች አንጀት ላይ ለኦቶፋጂ የሚያስፈልገውን ጂን ኤቲጂ7ን በማጥፋት ኦቶፋጂውን ሲያቆሙት ዕጢው መነሣቱ ተገታ፤ የአንጀቱ ባክቴሪያ ተለወጠ፤ የሰውነት ወታደሮች የሆኑት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትም በዕጢው ላይ በረቱ። ጸሐፊው እንዳሉት ቢሆን ዕጢው መብዛት ነበረበት።

ከኬሞ ጋር ያለውን ነገር ጸሐፊው በአንድ መስመር ነው ያለፉት፤ ኬሞ ሰውነትን ስለሚመርዝ ኦቶፋጂን ያጠፋል ብለው። ይህ በቀጥታ የተገለበጠ ነው። ከ1957 ጀምሮ የሚታወቀው 5-ፍሎሮዩራሲል፣ ዛሬም የአንጀት ካንሰር ኬሞ ምሰሶ የሆነው፣ የዘረመል መሥሪያ የሆነውን ታይሚዲን የሚያዘጋጀውን ኤንዛይም ይዘጋል። በዚያ የተጨነቀው የካንሰር ሕዋስ ኦቶፋጂውን ከፍ ያደርጋል። ኤችሲቲ116ንና ኤችቲ-29ን በመሰሉ የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ኦቶፋጂው ሲታገድ በመድኃኒቱ የሚሞተው ሕዋስ ይበዛል። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአፍ ውስጥ የሚኖረው ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያቱም የተባለ ባክቴሪያ በአንጀት ዕጢ ውስጥ ሲገኝ ዩኤልኬ1ንና ኤቲጂ7ን ከፍ አድርጎ፣ ኦቶፋጂን አንቅቶ ካንሰሩን ከኬሞ እንደሚያስጥል አሳይቷል።

ከሁሉ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው በ2021 የወጣው ነው። ከሕመምተኞች የተወሰደ የአንጀት ካንሰር በአይጥ ላይ አድጎ ኬሞ ሲሰጠው፣ ሕዋሳቱ እንደ እንቅልፍ ባለ ሁኔታ ውስጥ ይገባሉ፤ መከፋፈላቸውን ያቆማሉ፤ ኤምቶራቸው ይወርዳል፤ በኦቶፋጂ ላይ ተደግፈው ይቆያሉ። ኬሞው ሲያበቃ ይነቃሉ። ዩኤልኬ1 ሲታገድ ግን ያ ተኝቶ የማሳለፍ ችሎታ ይሰበራል። የጽሑፉ ምክር ኤምቶርን አውርዱ፣ ኦቶፋጂን አንሡ የሚል ነው፤ ካንሰሩ ከኬሞ የሚሸሸግበትን ጉድጓድ ማለት ነው።

እንግዲያው ኦቶፋጂን መዝጋት ነው መፍትሔው? እሱም እንዲህ ቀላል አይደለም። ሲቲ26 በሚባል የአይጥ አንጀት ካንሰር ላይ ኦክሳሊፕላቲንን የመሰለ መድኃኒት ሲሰጥ፣ በመሞት ላይ ያለው ሕዋስ ኤቲፒ የተባለውን የጉልበት ሞለኪውል ወደ ውጭ ይለቃል፤ ያም የሰውነትን ወታደሮች ይጠራል። ኤቲፒው እንዲለቀቅ ኦቶፋጂ ያስፈልጋል። ኦቶፋጂው በታገደባቸው ዕጢዎች ጥሪው ይቀራል፤ መድኃኒቱም የመከላከል አቅሙ ሙሉ በሆነ አይጥ ላይ እንኳ ይደክማል። አንዱ ሂደት፣ አንድ ዓይነት ካንሰር፣ በየመድኃኒቱና በየጊዜው የተለያየ ውጤት። ለዚህ ነው ዘርፉን የሚያውቅ ሰው አንሡት ወይም ዝጉት ብሎ በደፈናው የማይመክረው።

ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ጋር ያያያዙት ፎቶ አለ፤ በአረንጓዴ ነጠብጣብ የተሞሉ የካንሰር ሕዋሳት ናቸው። ነጠብጣቡ ኤልሲ3 ነው። ከሥሩ ኦቶፋጂ ካንሰሩን ሲበላ የሚል ተጽፎበታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የባዮሎጂና የሕክምና ተማሪዎችም ያዩታልና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የነጠብጣብ መብዛት ሁለት ትርጉም አለው። አንድም ከረጢት በብዛት እየተሠራ ነው፤ አንድም የተሠራው ሳይፈጭ ተከማችቷል። ከመነኻሪያ ብዙ አውቶቡስ ቆሞ ቢታይ ስምሪቱ በርትቶ ይሁን መንገዱ ተዘግቶ በፎቶ አይለይም። የሚለየው በፍሰት ፈተና ነው። አራት ሳህን ሕዋስ ይዘጋጃል፦ አንዱ ምንም ያልተሰጠው፣ ሁለተኛው የሚፈተነው መድኃኒት የተሰጠው፣ ሦስተኛው ባፊሎማይሲን ብቻ፣ አራተኛው ሁለቱም የተሰጡት። ባፊሎማይሲን የላይሶሶሙን አሲድ ስለሚያጠፋ መፍጨቱን ያቆማል፤ 100 ናኖሞላር ያህል ለመጨረሻዎቹ ከ2 እስከ 4 ሰዓታት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ራሱ ሕዋሱን መግደል ይጀምርና ውጤቱን ያደፈርሳል። አራተኛው ሳህን ከሦስተኛው የበለጠ ኤልሲ3-2፣ ማለትም ከሽፋኑ ስብ ጋር የተጣበቀውን ኤልሲ3፣ ካሳየ መድኃኒቱ ኦቶፋጂን በእርግጥ አንሥቷል። እኩል ከሆኑና በሁለተኛው ሳህን ግን ከበዛ መድኃኒቱ ያደረገው መንገዱን መዝጋት ነው። ፒ62ም አብሮ ይለካል፤ ሂደቱ እየሄደ ከሆነ በአብዛኛው ይቀንሳል፤ ከተዘጋ ይከማቻል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እጅ ላይ ነው። ኤልሲ3 ትንሽ ፕሮቲን ስለሆነ ለመለካት ወደ ላቦራቶሪ ማጣሪያ ሽፋን ሲተላለፍ የሽፋኑ ቀዳዳ 0.45 ማይክሮን ከሆነ ሾልኮ ያልፋል፤ 0.2 ይሻላል። ከስብ ጋር ያልተጣበቀው ኤልሲ3-1 ደግሞ ናሙናው በረዶ እየሆነ እየቀለጠ ሲመላለስ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የሁለቱን ንጽጽር ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል። 3-ሜቲልአዴኒን የሚባለውን አጋጅ ለረጅም ሰዓት በሙሉ ምግብ ላይ የተጠቀመም ሰው ኦቶፋጂን ያገደ መስሎት ያነሣል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ኦቶፋጂው ተነሣ ማለት ገደለ ማለት አይደለም። ገዳዩ እሱ ነው ለማለት ኤቲጂ5 ወይም ኤቲጂ7 ጠፍቶ ሕዋሱ መትረፍ አለበት፤ ካስፔዝ ሲታገድም ሞቱ መቀጠል አለበት። በፎቶው ሥር ይህ አንዱም የለም።

ወደ ጾሙ እንምጣ። በየ15 ቀኑ 72 ሰዓት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጽሑፉ አይናገርም። ለ24 ሰዓት ምግብ የተከለከለ አይጥ ከክብደቱ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ሰው በአንድ ቀን ጾም እንዲህ አይሆንም፤ ስለዚህ የአይጥን ሰዓት ለሰው ማዋስ አይቻልም። በሆስፒታል ደም ቀድቶ የዕጢህ ኦቶፋጂ ይህን ያህል ደርሷል የሚል መደበኛ ምርመራም የለም። ሕመምተኛው የሚያደርገውን ሳይለካ ነው የሚራበው።

ጾሙ ሲፈታስ? በ2024 የወጣ ጥናት አይጦች ለ24 ሰዓት ጾመው ሲመገቡ የአንጀታቸው ግንድ ሕዋሳት፣ ማለትም ሌሎቹን ሕዋሳት የሚያፈሩት፣ ከመጾማቸው በፊት ከነበረው ይበልጥ እንደሚባዙ፣ ኤምቶርም በዚያ ሰዓት እንደሚያይል አሳይቷል። ኤፒሲ በዚያ የመመገቢያ ሰዓት ሲጠፋ ደግሞ ዕጢ በብዛት ይነሣል። የአይጥ ጥናት ነውና ሰው ጾሙን አይፍታ አይባልበትም፤ ጾምን በአንጀት ላይ ያለ ንጹሕ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ግን ከዚህ በኋላ አይቻልም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው የሕመምተኛው ሥጋ ነው። የካንሰር ሕመምተኛ በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ካጣ፣ 60 ኪሎ የነበረው ሰው 3 ኪሎ ከቀነሰ፣ ካንሰሩ ጡንቻውን እየበላ ነው ማለት ነው። ብዙዎች ለምርመራ ሲመጡ ከዚህ አልፈዋል። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር፣ ኤስፔን፣ ለካንሰር ሕመምተኛ የሚመክረው በቀን በኪሎ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ፣ ፕሮቲን በኪሎ ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1 ተኩል ግራም ነው፤ ምግብን የሚያሳንስ ሥርዓት እንዳይከተልም ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1,500 እስከ 1,800 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ60 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን መሆኑ ነው። በፍስክ ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም ገደማ፣ 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። በጾም የሚበላ ከሆነ ምስሩን፣ ወፈር ያለ ሽሮና አንድ እፍኝ ለውዝ በቀን 5 እና 6 ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት ነው፤ በአንድ ማዕድ ይህን ሁሉ የሚጨርስ የኬሞ ሕመምተኛ የለም።

የጽሑፉ 72 ሰዓት ደግሞ ኬሞውን ላላቆመ ሰው ከኬሞው ቀን ጋር ይጋጫል። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን ያለበት ሥርዓት በየ14 ቀኑ ነው፤ 5-ፍሎሮዩራሲሉ 46 ሰዓት ይንጠባጠባል። በየ15 ቀኑ 3 ቀን የሚጾም ሰው ቶሎም ዘግይቶም ጾሙ በዚያ ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ በላዩ ውኃ ብቻ ሲጠጣ ሶዲየምና ፖታሲየም ይወርዳል። የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላውም በቁመትና በክብደት ነው፤ በየዙሩ መመዘን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከ5 ቀን በላይ እጅግ ጥቂት የበላ የተጎዳ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ ሲበላ በደሙ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል፤ በቫይታሚን ቢ1 ተጀምሮ፣ በኪሎ 10 ኪሎ ካሎሪ ያህል እየተባለ ነው የሚመለሰው። ሳንረሳው፦ ኦክሳሊፕላቲን የወሰደ ሰው ቅዝቃዜ ጣቱንና ጉሮሮውን እንደ መርፌ ይወጋዋል። የደሴ ጠዋት ቀልድ አይደለም፤ ለውዱእም ፊት ለመታጠብም ውኃው ይሙቅለት፣ ጓንት ያድርግ፣ የሚጠጣው ሁሉ ለብ ያለ ይሁን።

ሃይማኖቱን በተመለከተ ጽሑፉ ሁለቱንም እምነት ለምስክርነት ጠርቷል። ቁርኣን ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል፤ ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ደግሞ ምስኪን በመመገብ ይካሳል። በኦርቶዶክስም የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ይበላል። ሕመምተኛን ማስራብ የአንዳቸውም ትእዛዝ አይደለም። ከኬሞ ጋር በክትትል የተመጠነ ምግብ የሚሞከርባቸው ጥናቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ በእነዚያም ጥናቶች ቢሆን ኬሞው አይቀርም።

ክሎሮኪኑ ላይ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጣላል። ከላይ ኦቶፋጂን በጾም አንሡ ካለ በኋላ፣ ከታች ኦቶፋጂን የሚዘጋውን ክኒን ውሰዱ ይላል። ክሎሮኪን ከረጢት መሠራቱን አይከለክልም፤ ከላይሶሶም ጋር የሚዋሐድበትን የመጨረሻ እርምጃ ነው የሚያግደው። ስለዚህ ሕዋሱ በከረጢት ይሞላል፤ ልክ እንደዚያ ፎቶ። ጸሐፊው መብላት ያሉት መታገድም ሊሆን ይችላል ያልነው ለዚህ ነው።

በላቦራቶሪ የአንጀት ካንሰር ሕዋስን ለ5-ፍሎሮዩራሲል ያጋለጠው የክሎሮኪን መጠን በአሥሮች ማይክሮሞላር ነው፤ በወባ መጠን በሰው ደም የሚገኘው ከዚያ በብዙ ያንሳል። በቆላው፣ በሐርቡና በጨፋ በኩል ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠው በኪሎ 25 ሚሊ ግራም በ3 ቀን ተከፍሎ ነው፦ 10፣ 10፣ 5። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 150 ሚሊ ግራም ያለው ክኒን 4፣ 4፣ 2 ማለት ነው፤ በዚያ ያበቃል። ጽሑፉ ግን ለ3 ወር በየቀኑ ይላል። የዘመዱ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚባለው የዓይን ሬቲናን ስለሚያበላሽ ነው። ክሎሮኪን የልብን የኤሌክትሪክ ምት ያስረዝማል፤ ለኬሞ ትውከት የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮንም ያስረዝማል፤ በተቅማጥ ፖታሲየም የወረደበት ሰው ሁለቱን ሲደርብ ልቡ በድንገት ምቱን ሊስት ይችላል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ጥቂት ክኒን ይገድለዋል።

በሕመምተኛ ላይ አልተሞከረም እንዳይባል፦ በሽታው በተሰራጨና ሌላ መድኃኒት ባልያዘው የአንጀት ካንሰር ላይ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በቀን 600 ሚሊ ግራም ቮሪኖስታት ከሚባል የካንሰር መድኃኒት ጋር ተሰጥቶ፣ ሬጎራፌኒብ ከሚባለው መድኃኒት ጋር በዕጣ ተነጻጽሯል። በሽታውን ለረጅም ጊዜ የያዘው ሬጎራፌኒብ ነው።

ሕክምናውን ለ3 ወር ስለ ማቆየቱ ብዙ አንልም፤ ቁጥሩ ይበቃል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው ኬሞ በዘገየ በየ4 ሳምንቱ የመሞት ዕድል በ14 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር በ2011 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር አሳይቷል። ሕክምናውን ትተው ሌላ ዘዴ ብቻ የተከተሉ የአንጀት ካንሰር ሕመምተኞች በ2018 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ነበር።

የመጨረሻው የደሙ ነገር ነው፤ ከጽሑፉ ሁሉ በዚህ መስመር ነው ያዘንነው። በሰገራ ላይ የሚታይ ደም መርዝ አይደለም። በአካባቢያችን ደም ሲታይ ቶሎ የሚሰጠው ስም ኪንታሮት ነው፤ ብዙ ጊዜም ነው። ኪንታሮት ያለበት ሰው ግን ካንሰር አይኖርበትም ማለት አይደለም። ደሙ ከሰገራው ጋር ከተደባለቀ ወይም ከጠቆረ፣ የሰገራ ልማድ ከተለወጠና ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም አንድ ወንድ ወይም ያረጠች ሴት ያለ ምክንያት የብረት ማነስ ደም ማነስ ከተገኘባቸው፣ በጣት የሚደረገው የፊንጢጣ ምርመራ በዚያው ቀን ይደረግ፤ ሄሞግሎቢን ይለካ፤ ለኮሎኖስኮፒ ይላክ። ለኮሎኖስኮፒ አንጀቱ በደንብ ካልታጠበ ትንሽ ፖሊፕ ያመልጣል፤ ማጠቢያው ከ2 እስከ 4 ሊትር ነው፤ ግማሹን በዋዜማው ማታ፣ ግማሹን በጠዋት ከፍሎ መጠጣት ይሻላል። ናሙና የተወሰደ እንደሆነ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ፎርማሊኑ ከሥጋው 10 እጥፍ ይሁን። በጨው ውኃ ወይም በደረቅ ጎዝ ተጠቅልሎ የሚላክ ናሙና መንገድ ላይ ይበላሻል፤ ሕመምተኛውም እንደገና ይወጋል። አንጀቱ በቀዶ ከወጣ ደግሞ ቢያንስ 12 የሊምፍ እጢዎች መታየታቸውን ቤተሰብ ከፓቶሎጂው ወረቀት ላይ ይጠይቅ፤ ኬሞ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው በእጢዎቹ ውስጥ ካንሰር በመገኘት አለመገኘቱ ላይ ይቆማል፤ ጥቂት ብቻ ከታዩ ያ በእርግጥ አይታወቅም።